ሁለት ቴራ ባዶ ቦታ ለሸጡልኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ ለቤት ውስጥ ጌም ማጫወቻ የሚሆን ተጨማሪ ማከማቻ ስለ መምረጥ፣ በመደብርዎ ስለ ተደረገልኝ ሙያዊ እርዳታና ከዚያ ወዲህ በቤቴ ስለ ሰፈነው ጸጥታ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። እጅዎ፣ እግርዎ፣ በተለይ ደግሞ ምላስዎ ደህና መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ጠዋት ነቅተው ውሃ ሲያምርዎት «ውሃ» የሚል ቃል ከአፍዎ የሚወጣ ከሆነ በመደብርዎ ካለው ዕቃ ሁሉ የበለጠ ሀብት አለዎትና ለዚሁ ሀብትዎ ረጅም ዕድሜ እመኝለታለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለሠራተኞችዎ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረው ለሚያብረቀርቁት ዕቃዎች፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ የባሕር ዓሣ ለሚያሳየው ትልቁ ቴሌቪዥንዎም ጭምር ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ማን እንደሆንኩ ላያስታውሱ ይችላሉ። ባለፉት ሁለት ወራት መደብርዎ ደጋግሜ የመጣሁ፣ አራት ጊዜ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው» የተባልኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከስብሰባው ሲወጡ አግኝቼዎት «ነገ» ያሉኝ፣ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ የሆነ፣ ግራጫ ሹራብ የምለብስ ሴት ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ የጫማ ፋብሪካ ለሃያ ሰባት ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ሥራዬ በአጭሩ የትኛው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ መወሰን ነበር። ስለዚህ ማከማቻ ለመምረጥ ወደ እርስዎ ስመጣ ግራ እንደገባት አሮጊት ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነበር የመጣሁት፤ ነገሩ እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወርድ ያለኝም ለዚህ ነው።

ማከማቻው ለማን እንደሚያስፈልግ ማንም አልጠየቀኝምና አሁን ልናገር። የሚያስፈልገው ለባለቤቴ ነበር። ባለቤቴ ለሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆኖ ሠርቷል። ከፌርማታ አንዲት ደቂቃ ቀድሞ ተነስቶ፣ አንዲት ደቂቃም ዘግይቶ ደርሶ ስለማያውቅ ባልደረቦቹ «ደቂቃ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። ከሁለት ዓመት በፊት ጢሙን እየተላጨ ሳለ ስትሮክ መታው፤ ቀኝ እጁና ንግግሩ አብረው ሄዱ። ሐኪሞቹ ዕድለኛ ነው አሉን፤ አንድ ቃል ተርፎለት ነበር፣ እሱም «እሺ» ነው። ሲርበው እሺ፣ ሲያመው እሺ፣ ሾርባው ሲያቃጥለው እሺ፣ የማይወደው ዘመድ ሊጠይቀው ሲመጣም እሺ። ጎረቤቶቻችን ሁሉን ነገር እሺ የሚል ባል በማግኘቴ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት አብሬያቸው ስቄያለሁ።

ልጃችን ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ስትሄድ የራሷን ጌም ማጫወቻ ትታልን ሄደች። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳበት ጌም ጫነችበት፤ ከጠረጴዛ ጋር በብሎን የሚታሰር መሪም ከነፔዳሉ ገዝታ አመጣች። «አባዬ ይንዳ» አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትልቅ ሰው ፊት መጫወቻ ማስቀመጥ ነውር መስሎኝ ተቆጣኋት። እሱ ግን ሄዶ ተቀመጠና መሪውን በግራ እጁ ያዘ።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ በጌሙ ውስጥ አንዲት ተሳፋሪ በሩ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ ስላለች በሩ አልዘጋ አለ። ባለቤቴ ወደ መስታወቱ ቀና ብሎ «በሩን ልቀቁ» አለ። እኔ ወጥ ቤት ድንች እየላጥኩ ነበር፤ ድንቹም ቢላዋውም ከእጄ ወደቁ። እሱን የምታክመው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ለዓመታት የተደጋገመ አነጋገር ከሌላው ንግግር ተለይቶ ሌላ ቦታ እንደሚቀመጥ፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የሚመለሰው እሱ እንደሆነ አስረዳችኝ። የመጋዘን ሰው ነኝና ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ፣ ጡረታ ስወጣ ከፋብሪካው ለማስታወሻ ይዣቸው ከመጣሁት የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርዶች አንዱን አውጥቼ (ባዶ ካርድ ነው፣ ሌባ አይደለሁም) በሥራ ልማዴ መሠረት ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ ብዬ አሰመርኩ። የመጀመሪያው መስመር «በሩን ልቀቁ» ነው። ከዚያ «ተራ በተራ» ገባ። «ወራጅ አለ?» ገባ። በጌሙ ከተማ ያሉት ፌርማታዎች ስማቸው በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ እሱ የራሱን ያወጣላቸው ነበር፤ ዳቦ ቤት፣ ድልድይ፣ ዛፉ ጋ፣ ቀይ ሕንፃ። ጌሙ አንዱን መስመር በሚገባ ለጨረሰ ሹፌር ሌላ መስመር ይከፍትለታል፤ አዲስ መስመር አዲስ ፌርማታ አለው፣ አዲስ ፌርማታ ለእኛ ቤት አዲስ ቃል ነው። በአሥር ወር ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጉዞ ነዳ፤ ወገቡ ላይ የሚተጣጠፈውን ረጅሙን አውቶቡስ እንዲይዝም ተፈቀደለት። ካርዱ ላይ ከነ«እሺ» ስልሳ ሦስት ቃል ደርሶ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ለብቻችን ስንሆን እኔን የሚጠራበት ስም ነው፤ እሱን ለእርስዎ አልነግርዎትም።

እንግዲህ አንድ ቀን ማጫወቻው ጌሙን ለማደስ ቦታ የለኝም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ልጄ በስልክ ተጨማሪ ማከማቻ እንድገዛ ነገረችኝና «ግን እማዬ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወደ እርስዎ መደብር መጣሁ። የሚከተለውን ምስጋናና አቤቱታ በቁጥር ለይቼ የማቀርበው በሥራ ልማድ እንጂ እርስዎን ለማድከም አለመሆኑን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

፩. ስለ ምርጫው።

የሽያጭ ባለሙያዎ ሁለት ዕቃ መስታወቱ ላይ አስቀመጠልኝ። አንደኛው ጣት የሚያህል፣ ማጫወቻው ተከፍቶ ሆዱ ውስጥ የሚገጠም፣ አንድ ቴራ፣ ማለትም አንድ ሺህ ጊጋባይት፣ የሚይዝ ቀጭን ነገር ነው። ሁለተኛው ከውጭ በኬብል የሚሰካ፣ ሁለት ቴራ የሚይዝ ጥቁር ሣጥን ነው። የመጋዘን ሰው ቦታ ሲመርጥ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ምን ይገባበታል፣ በየስንት ጊዜው ይወጣል፣ ሲፈለግ ምን ያህል ቶሎ ይገኛል። በየቀኑ የሚወጣ ዕቃ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ በዓመት አንዴ የሚፈለገው ወደ ኋላ ይሄዳል። ሦስቱንም ጠየቅኩት። እሱ ግን ማጫወቻዬ የትኛው እንደሆነ፣ ጌሙም አሮጌ ይሁን አዲስ ሳይጠይቀኝ «እናቴ፣ ትንሿ ምን ትይዝልሻለች፣ ትልቁን ውሰጂ፤ ሁለት ቴራ ነው፣ ዕድሜ ልክሽን አይሞላም» አለኝ። ጌሙ ከዚህ ሣጥን ላይ ይሠራል ወይ ብዬ ስጠይቀው «ያለ ምንም ችግር» አለኝ፤ ይህን ሲለኝ ለሌላ ደንበኛ የስልክ ሽፋን እየመረጠ ነበር።

ስለ ምክሩ ከልብ አመሰግነዋለሁ፤ ደግሞም ቃሉን ጠብቋል። ሣጥኑ እስካሁን አልሞላም፣ ለዕድሜ ልኬም የሚሞላ አይመስለኝም። ችግሩ እንዲህ ያለው ሣጥን አዲስ የሚወጡትን ጌሞች ያስቀምጣል እንጂ አያጫውትም። ለመጫወት ጌሙ ተመልሶ ወደ ማጫወቻው ሆድ መግባት አለበት። ለእኛ የምትሆነው፣ ቶሎ የምታደርሰውና ከራሷ ላይ የምታጫውተው፣ ያቺ ትንሿ ነበረች፤ በእጄ ይዣት መልሼ አስቀመጥኳት። ይህ ሁሉ በጥቁሩ ሣጥን ማሸጊያ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የባለሙያዎ ጥፋት አለማንበቡ ነው፤ የእኔ ጥፋት ደግሞ አንብቦታል ብዬ ማመኔ ነው።

፪. ስለ አለመመለስ።

ጌሙን ወደ ሣጥኑ ማዛወር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ባለቤቴ በሰዓቱ መጥቶ ሲቀመጥ ማጫወቻው ለመጫወት ወደ ውስጥ መልሱት አለን፤ ውስጥ ደግሞ ለታደሰው ጌም የሚበቃ ቦታ የለም። በማግስቱ ሣጥኑን ከነማሸጊያው ይዤ በትንሿ እንዲለውጡልኝ ለመለመን መጣሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ሳትል ከራሷ በላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚለውን ጽሑፍ በጣቷ አሳየችኝ። ጣቷ በትክክል ጽሑፉ መሐል ላይ ነበር ያረፈው፤ ሳያዩ እንዲህ ማነጣጠር የብዙ ዓመት ልምምድ እንደሚጠይቅ ስለማውቅ ሙያዋን አድንቄያለሁ። እኔ በሠራሁበት መጋዘን የተሳሳተ ዕቃ ሲወጣ ተመልሶ ይመጣ ነበር፣ ለዚያም የተለየ ቅጽ ነበረን፤ ለካ ያን ሁሉ ወረቀት ያባከንነው አንድ ማስታወቂያ መለጠፍ አቅቶን ነው።

የሽያጭ ባለሙያዎ ግን አዘነልኝ። ማጫወቻውን ራሱን ካመጣሁት ቴክኒሻኑ ቦታ እንደሚያስለቅቅልኝ፣ ያውም በነፃ፣ ነገረኝ። ነፃ የሚለውን ቃል ስሰማ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ።

፫. ስለ ጽዳቱ።

ማጫወቻውን ከነጥቁሩ ሣጥን በፎጣ ጠቅልዬ እንደ ጨቅላ አቅፌው መጣሁ። ቴክኒሻንዎ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ መፍቻውን ጆሮው ላይ እንደ እርሳስ ይሰካዋል። ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ አቀረበልኝ፣ እናቴ አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ይህን ብክድ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ቦታ እንዲያስለቅቅልኝ፣ ነገር ግን «ደቂቃ» በሚል ስም የተመዘገበውን የሹፌር መዝገብ እንዳይነካብኝ ነገርኩት። አፌን ብቻ አላመንኩም፤ በቀይ እስክሪብቶ «ይዘቱ አይነካ» ብዬ ጽፌ ማጫወቻው ላይ ለጠፍኩበት። በእኛ መጋዘን ቀይ ወረቀት ያለበትን ካርቶን ዋናው ሥራ አስኪያጅ እንኳ አይነካውም ነበር። ቴክኒሻንዎ ወረቀቱን አነበበ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ነይ አለኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ስመጣ ቀዩ ወረቀት ተነስቷል፤ ሙጫው ምልክት እንዳይተውበት ብሎ ነው። የሥራ ማዘዣው ላይ «ሞልቶ ነበር፤ ጸድቷል» ተብሎ ተጽፏል። «ፎርማት አድርጌ ጌሙን ከሣጥኑ ገልብጬልሻለሁ፣ አሁን እንደ አዲስ ነው» አለኝ በደስታ። ውስጡ የነበረውስ ብዬ ስጠይቀው ጥቁሩን ሣጥን መታ መታ አድርጎ «ሁሉም እዚህ አለ» አለኝ።

ጌሙ በእርግጥ እዚያ ነበር። መዝገቡ ግን፣ ማለትም ማን ስንት ጉዞ እንደነዳና የትኛው መስመር እንደተከፈተለት የሚያሳየው፣ ከጌሙ ጋር አብሮ የሚጓዝ ነገር አይደለም። በእንዲህ ያሉ አዳዲስ ማጫወቻዎች መዝገቡ የሚኖረው በማጫወቻው ሆድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ካልሆነም በየወሩ ለሚከፍል ሰው በኢንተርኔት በኩል ይጠበቅለታል፣ እኛ ደግሞ ይህ አገልግሎት አልነበረንም። ሆዱ ሲጸዳ አብሮ ጸዳ። የልጄን አሮጌ ጌሞች ብቻ ወደ ሣጥኑ ቢያዛውር ለአውቶቡሱ የሚበቃ ቦታ በአንድ ከሰዓት ይገኝ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ይህን የነገረችኝ ልጄ ናት፤ ቴክኒሻኑ መዝገቡን ሌላ ቦታ ገልብጦት እንደሆነ ጠየቀችኝና፣ እኔ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ እንዳልገባኝ ስታውቅ፣ ጥያቄዋን ትታ ስለ አባቷ ጠየቀችኝ።

፬. ስለ ርክክቡ።

ይህኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ በመደብርዎ ግቢ የተፈጸመ ስለሆነ ግን እንዲያውቁት እወዳለሁ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ሳልከፍት የፈረምኩበት ካርቶን አልነበረም። አንድ ጊዜ የጫማ ሶል የጫነ መኪና ሙሉ ዕቃ የመለስኩት አንዱ ካርቶን ስነቀንቀው ድምፁ ስላላማረኝ ነበር፤ ሹፌሩ ሰባት ትውልዴን ረገመኝ፣ ሲከፈት ግን ሶሉ ግማሹ የግራ እግር ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለች ሴት በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ አንድ ማጫወቻ፣ ሁለት ኬብል፣ አንድ ጥቁር ሣጥን ብላ ከውጭ ከውጭ ቆጠረችና፣ ማጫወቻውን አስከፍታ ውስጡን ሳታይ «በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ» የሚለው ላይ ፈረመች። ኬብል ቆጠርኩ፣ ክቡር ሆይ። የባሌን ቃላት ተሸክሞ የመጣውን ዕቃ ኬብሉን ቆጥሬ ተረከብኩ።

ለምን ብለው ቢጠይቁኝ፣ እየቸኮልኩ ነበር። የመንዳት ሰዓቱ አሥር ሰዓት ነው፤ እሱ ደግሞ አይዘገይም። ስደርስ የድሮ የሥራ ጃኬቱን ለብሶ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ኬብሎቹን ሰካሁ። ስክሪኑ ላይ የሱ የአውቶቡስ ማደሪያ፣ የሱ ረጅም አውቶቡስ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ «እንኳን ደህና መጡ፣ አዲስ አሽከርካሪ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ወጣ። ባዶ ሜዳ፣ የላስቲክ ማገጃዎች፣ አንዲት ትንሽ አውቶቡስ፣ መሪ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምር አንድ ፈገግታ የማይለየው ፈታኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ሰው የመንጃ ፈቃድ ፈተና ቀረበለት።

ወጣና እንደገና ገባ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ አስተያየቱ የንዴት አልነበረም፣ ከሥራ ተባርሮ ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው አስተያየት ነበር። ጃኬቱን በግራ እጁ ብቻ፣ ቁልፉን አንድ በአንድ እየፈታ፣ ያለ እኔ እርዳታ አወለቀ። ከታመመ ወዲህ ይህን ብቻውን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ለሐኪሙ ደውዬ እነግር ነበር፤ ያን ቀን ግን ጃኬቱን ተቀብዬው ሰቀልኩት።

፭. ስለ ወጪው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርዱ ላይ የምጽፈው የወጪ ዓምድ ላይ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ የሄዱት የመጨረሻዎቹ ፌርማታዎች ናቸው። «ቀይ ሕንፃ» ማክሰኞ ሄደ። «ድልድይ» ሳምንት ቆይቶ ተከተለው። «ወራጅ አለ?» ትንሽ ታገለ፤ አንድ ቀን «ወራ» ድረስ ደርሶ ቀረ። የእኔ ስም መቼ እንደወጣ በትክክል መመዝገብ አልቻልኩም፣ ነገ ይለኝ ይሆናል እያልኩ መስመሩን ክፍት ትቼ ስለነበር። ከወጪ ቀሪ አሁን አንድ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ያውቁታል። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ከመጀመሪያው እንዲጀምር መከረችን፤ ምክሯ ትክክል ነው፣ ግን ፈተናው ሲከፈት ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

እንደሚያውቁት በወጪ ዓምድ አጠገብ «የተረካቢ ፊርማ» የሚል ቦታ አለ። ስልሳ ሁለት ቃል ከቤቴ ወጥቷል፣ ስልሳ ሁለቱም ፊርማ የላቸውም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ካርድ ለቆጠራ ቀርቦብኝ አያውቅም። ስለዚህ ካርዱን ይዤ ስመጣ ስብሰባ ላይ ባይሆኑልኝ እና ቢፈርሙልኝ ውለታዎን አልረሳም።

፮. ስለ ደግ መልስዎ።

በመጨረሻ በጽሑፍ ያቀረብኩትን አቤቱታ ተቀብለው በሁለት መስመር ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። «ለጠፋብዎት የጌም ነጥብ እናዝናለን» ብለዋል። ነጥብ። በመሣሪያዎች ውስጥ ለሚገኝ ይዘት መደብሩ ኃላፊነት እንደማይወስድም በትሕትና አስታውሰውኛል፤ ይዘቱን ያጠፋው ግን ራሱ የመደብሩ ሠራተኛ መሆኑን ለመጥቀስ መስመሩ አልበቃዎትም። ከደብዳቤው ጋር ለቀጣይ የማከማቻ ግዢዬ የሚሆን የቅናሽ ኩፖን አያይዘውልኛል። ኩፖኑን ለባለቤቴ አሳየሁት። ምን እንዳለ አልጽፍልዎትም፣ መገመት አያቅትዎትም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ አልልም። የምለምነው ሌላ ነው። ማከማቻ በሚሸጡበት መስታወት ላይ፣ ከዚያ ከዝነኛው ማስታወቂያዎ ጎን፣ በእኩል ፊደል ይህን እንዲለጥፉልኝ እፈልጋለሁ፤ «ማጫወቻዎ የትኛው ነው? ጌሙ ከዚህ ላይ ይጫወታል ወይስ ይቀመጣል ብቻ? መዝገብዎ የት ነው ያለው?» ቴክኒሻንዎም ማንኛውንም ዕቃ ከማጽዳቱ በፊት ምን እንደሚጠፋ በዝርዝር ጽፎ ባለቤቱን እንዲያስፈርም ይዘዙልኝ። ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎችም ከእኔ ኪሳራ የተረፈውን እውቀት በነፃ ልስጥ፤ በየቀኑ ለምትጫወቱት አዲስ ጌም ትንሿንና ፈጣኗን ግዙ፣ ትልቁ ሣጥን ለአሮጌ ጌምና ለጊዜው ለማትፈልጉት ይሁን፣ ሁሉን ከማድረጋችሁ በፊት ግን መዝገቡ የት እንደሚኖር እወቁ። ትልቅ ነው ብላችሁ አትግዙ፤ እኔ በትልቅነቱ ነው የተሸወድኩት፣ ያውም በሙያዬ።

የቀረውስ? አንዱ ጉዞ በአማካይ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ጉዞ እንደገና ለመንዳት በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ አርባ ሦስት የሥራ ቀን ይወስዳል። መደብርዎ ላጠፋው ዕቃ ምትክ ይሰጣል ብዬ በማመን፣ እርስዎ ወይም የሚወክሉት ሰው በቤቴ ተገኝታችሁ ይህን ጉዞ እንድትነዱልኝ አስቤ ነበር። ወንበር አለን፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ከዚያ ሳስበው ግን እርስዎ የነዱት ጉዞ የእርስዎ እንጂ የሱ አይሆንም፤ እሱ ያለፈባቸውን ፌርማታዎች በሌላ ሰው እጅ አልፈው ሲያያቸው ምን እንደሚሰማው ስለማላውቅ ሐሳቤን ትቼዋለሁ። ለሚተርፍዎት አርባ ሦስት ቀን መልካም ስብሰባ እመኝልዎታለሁ።

መደብርዎ እንደ ሣጥንዎ ሰፊ፣ ደንበኛዎ እንደ እኔ ታጋሽ፣ ማታ ቤትዎ ሲገቡ የሚያናግርዎት ሰው ብዙ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ይህን ሁሉ ለማንበብ ከስብሰባ ለቆረሱት ጊዜ በመቀመጫዬ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

የማይሞላ ማከማቻ ባለቤት፣ ፊርማዋን ያለ ቦታው ያኖረች የቀድሞ የመጋዘን ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለሽያጭ ባለሙያው፣ ከስልክ ሽፋኑ ሲመለስ እንዲያነበው
ለቴክኒሻኑ፣ ከማጽዳቱ በፊት
ለገንዘብ ተቀባይዋ፣ ቀና ካለች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ አንድ ነገር ሳልነግርዎት ፖስታውን ማሸጉ አግባብ መስሎ አልታየኝም። እሱ አልነዳም ስላለ መዝገቡን እሱ ወደነበረበት የማደርሰው እኔው ነኝ ብዬ ከሦስት ሳምንት በፊት መሪውን ያዝኩ። በሕይወቴ ብስክሌት እንኳ ነድቼ አላውቅም። ፈተናውን አራት ጊዜ ወደቅኩ፤ የላስቲክ ማገጃ የቀረ አልነበረም። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱ ጋ ይቀመጥ ነበር። ሐሙስ ዕለት በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሄድ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው የእግረኛ መንገድ ላይ አወጣሁትና የፌርማታውን ጥላ ገጭቼ ጣልኩት። ባለቤቴ ዞረ፣ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየና «አህያ!» አለ። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። መሪውን ለቅቄ አለቀስኩ፤ በደስታ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሆነ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም፤ እኔም በየቀኑ እየነዳሁ አንድ ነገር እገጫለሁ። ነገሩን ረጋ ብዬ ስመረምረው ግን ቃሉ ለእኔ የሚገባ ሆኖ አላገኘሁትም፤ እኔ መሪ የያዝኩት በእርስዎ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርጌ ለትክክለኛው ባለቤት ልኬዋለሁ። ከእሺ ሌላ በቤታችን ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ግን፣ ተጠቅመው ሲጨርሱ እንዲመልሱልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።